የአባባ የኦስቲን መኪና ለማን ይቆረጥ?

ውድ እህቴ ፊሊፓ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ጋ በጋው ሲገባ እናንተ ጋ ብርዱ መግባቱን ሰምቻለሁ፤ ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የባለቤትሽ የክሬግ ወገብስ ተሻለው? ቶቢና ማርኒ ትምህርታቸው እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማማን ጉልበቷ ያስቸግራታል፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። ባለቤቴ አሊሰንም ደህና ናት። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ፤ ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዷም አንቺ ነሽ።

ስለ አባባ አሮጌ መኪና፣ ስለ ኦስቲኑ ነው። አባባ ሲሞት ጋራዡ ውስጥ የቀረው ቦዲ የሌለው ሻንሲና ሞተር መሆኑን ታውቂያለሽ። በቀብሩ ቀን «አንተ ጨርሰው፣ እኔ መጥቼ የውድድሩን ዳገት እወጣበታለሁ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ መቼ እንደምትመጪ በጠየቅኩሽ ቁጥር የምትልኪልኝ መልስ ሳይሆን የመኪና ፎቶ ነው፤ ቀይ የቆዳ ወንበር፣ የሚያብለጨልጭ መሪ፣ «እንደዚህ ብታደርገውስ?» የሚል። ከመኪና መሸጫ መስኮት የተነሳ ፎቶ ለእሽቅድምድም መኪና ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ሜትሬንና ካሜራዬን ይዤ፣ የአሮጌ መኪኖች የዳገት ውድድር ወደሚደረግበት ኮረብታ ሄድኩ። ከሚሮጡት ላይ ሐሳብ ልቃርም ብዬ ነው። ዝናቡ ወርዶ ሜዳው ጭቃ ሆኗል፤ ሰዉ ግን ጭቃው መሃል ቆሞ መኪናውን በጨርቅ ይወለውላል። አረንጓዴ መኪና ያለውን አንዱን፣ ኮፈኖው በግራ በኩል ብቻ ለምን እንደተበሳሳ ጠየቅኩት። «ስገዛው እንዲህ ነበር» አለኝ። ሌላው ኮፈኖው ላይ የቆዳ ቀበቶ አስሯል። ምኑን ነው የሚይዘው ብዬ ብጠይቀው «ምንም አይዝም፣ ያምራል ብዬ ነው» አለ። ደሜ ፈላ።

በመጨረሻ አንድ የረባ መኪና አገኘሁ። የኦድሪ ፔልሃም ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ነድታ አትጠግብም። የእጅ ፍሬኑ ከቦዲው ውጭ ነው፤ የቀኝ ጎኑ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል፤ የፍሪሲዮኑ መርገጫ ላይ የእንጨት ቁራጭ ተመቷል። ሁሉንም ፎቶ አንስቼ፣ ተንበርክኬ መለካት ስጀምር «አንተ ሰውዬ፣ ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። የእኔንም እንደዚሁ ልሠራ መሆኔን ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች። «ፍሬኑ የወጣው ጭኔ አላስገባው ብሎ ነው። ጎኑ ዝቅ ያለው ክርኔ እንዳይላጥ ነው። እንጨቱ እግሬ ስለማይደርስ ነው። የእኔን ዳሌ ቤትህ ወስደህ ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «ለመሆኑ ያንተን የሚነዳው ማነው?» አለች።

ከሁሉ የበለጠ ያናደደኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ነጂው እኔ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ፍጥነት ያጥወለውለኛል፤ አባባ ዳገቱን ያስነዳ የነበረው አንቺን ነው፣ እኔ ሰዓት ያዥ ነበርኩ። በቀደም ሻንሲው ላይ ወንበር አድርጌ ብቀመጥ ጉልበቴ ከመሪው ጋር እየተጋጨ አላዞር አለኝ፤ አሊሰን «ባልዲ ውስጥ የተቀመጠ ፈረስ መሰልክ» ብላ አላገጠችብኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ የሰው መኪና ጌጥ ሳሳድድ የከረምኩት ነጂው ማን እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው።

አሁን የቦዲው የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ተገዝቷል፤ ወሩ ሳያልቅ ጎኑን መቁረጥ አለብኝ። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ስለዚህ ፎቶ አትላኪ። ጫማሽን እንዳደረግሽ፣ ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽ፣ እግርሽን ወለሉ ላይ ዘርግተሽ ተቀመጪና ክሬግ ከግድግዳው እስከ ተረከዝሽ ይለካሽ። የዳሌሽንም ስፋት ይለካ፤ እሱ ላይ አትዋሺ። የማትመጪ ከሆነ ደግሞ «አልመጣም» ብለሽ ጻፊ። አሊሰን ልንዳው ብላ ጠይቃኛለች። እግሯ ካንቺ በጣም ያጥራል፤ በእሷ ልክ ከቆረጥኩት አንቺ አትገቢበትም። እንዲያ እንዲሆን አልፈልግም።

ለክሬግ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሲለካሽ ሚሊሜትሯንም እንዳይዘል ንገሪልኝ። ቶቢንና ማርኒን ሳሚልኝ። አሊሰን ሰላም ብላሻለች፤ መልስሽን ከእኔ ብሳ ነው የምትጠብቀው። እማማም ትስምሻለች። ምን ብዬ ልጻፍላት ብላት «ለቀብሬ ከምትመጣ ለውድድሩ ትምጣ በላት» ብላለች።

ወንድምሽ ናይጄል

ማልቨርን፣ እንግሊዝ
ጁን 10 ቀን 2024