አባትሽ ያደነቀው ደረጃ

ይድረስ ለልጄ፣

የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም። እኛ አለን። ታናሽሽ ቁመቷ በሩን ሊያክል ነው፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ስታስረዝም ስታስረዝም ጨርቅ አለቀባት።

ትናንት ከአባትሽ ጋር የጤና ኢንሹራንስ ልንገባ ሄድን። ታውቂው የለ? «በአናጢነት ዘመኔ ከሐኪም ቤት የማውቀው የሠራሁትን በር ብቻ ነው፤ ርካሹ ይበቃናል» እያለ ክርክሩን ከቤት ጀምሮ ወጣ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና የደረጃውን መደገፊያ ያሻሽ ጀመር። «ይሄን የሠራ እጁ ይባረክ! ቆይ እስቲ ልየው» ይለኛል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ምን ላድርግ? እኔም አብሬው እንጨት ሳደንቅ ቆየሁ።

ላይ ስንደርስ ግን ዝም አላልኩም። ርካሹ የሚከፍለው ሆስፒታል ለተኛ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ሳንተኛ ብንታይ ነው የሚሻለን። ስለዚህ ምርመራውንም፣ ልቡንም፣ ዓይኑንም የሚይዘውን መረጥኩ። እሱም አልተከራከረኝም።

ጸሐፊዋ «የቤተሰቡን ስም ንገሩኝ» ስትል አባትሽ ያንቺን ከሁላችን አስቀደመ። «ውጭ አገር ላለ ሰው አይሠራም» ብትለው «ለስሙ ያህል ጻፊያት» ብሎ ሙጭጭ አለ።

እናትዬ፣ አንቺም እዚያው ደህናውን መርጠሽ ግቢልኝ፣ ታይተሽም ንገሪኝ። የእሱ ልጅ አይደለሽ? በስልክ «ደህና ነኝ» ባልሽኝ ቁጥር ደረጃ ላይ ቆመሽ እንጨት የምታደንቂ ይመስለኛል።

የምትወጪው ደረጃ ሁሉ ይቅለልሽ።

እናትሽ