ከደጅ የጠራሽ ሰው

ውድ ልጄ ሚሪዱላ፣

የአሥራ ሦስተኛው ቀን የተዝካር ድግስሽ ዛሬ አለቀ። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ካህኑም መርቆን ሄዷል። ራሴን ተላጭቼ፣ ነጭ ለብሼ፣ ያለ ጨው ስበላ ሰንብቼ ዛሬ ጨው ቀመስኩ። ከእንግዲህ ሐዘን ጨርሷል እባላለሁ። ይበሉኝ። እኔ ግን የከተማችንን የቢራትናገርን ሰው ላማልሽ ነው የተቀመጥኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆቹን ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የማማት መብት አለኝ።

አውሮፕላናችሁ ከማረፊያው ሜዳ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ የቃጫው እርሻ ውስጥ ሲወድቅ ጭሱን ያየ ሁሉ ሮጠ። ሰው ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፣ አልክድም፤ ከሩዝ ወፍጮው የመጡት ሠራተኞች እስከ ዛሬ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። የቀረው ግን የሮጠው ስልኩን ከፍ አድርጎ ነው። ሞተር ብስክሌቱንና ባለ ሦስት እግር ሪክሾውን መንገዱ ላይ ስለገተረው የእሳት አደጋ መኪናው መግቢያ አጣ። ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋበት «ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ እየቀረጽኩ አይደል እንዴ!» ያለው ሰው አለ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። የእኛዎቹ ሲልሱ ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ።

በማግስቱ ደግሞ ከሞት የተረፉት መምጣት ጀመሩ። ከአውሮፕላኑ ውስጥማ ማንም አልተረፈም፤ እነዚህ ሳይሳፈሩ የተረፉ ናቸው። አንዱ ትኬት ቆርጦ ሆዱን ቆረጠው፣ ሌላዋ ሕልም አየች፣ ሦስተኛው ጥቁር ድመት አቋረጠበት። ያቺ ሚጢጢ አውሮፕላን እነሱን ሁሉ ጭና ቢሆን ኖሮ ከመሬት ንቅንቅ አትልም ነበር። እያንዳንዱ እኔ ፊት ተቀምጦ «አምላክ ይወደኛል» ይለኛል፤ አንቺን አልወደደሽም ማለቱ እንደሆነ ግን አይገባውም። ሻይ አቅርበን ሸኘናቸው።

ሎክ ራጅን ታስታውሺዋለሽ? ያ ሁለቴ በሳይንስ የጣልኩት፣ አሁን ስልክ ጠጋኝ የሆነው። አውሮፕላኑ ለምን እንደወደቀ በቪዲዮ ለአገር የሚያስረዳው እሱ ነው። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ገና እየመረመሩ ነው፤ የማያውቁት ግን ጨርሰዋል። ሎክ ራጅ እንዳለው ጥፋቱ የረዳት አብራሪዋ ነው፣ ያንቺ ማለት ነው። «ሴት ልጅ ስትደነግጥ እጇን ትለቃለች» ብሎ አስተማረ። ይህን ብሎ ሲያበቃ ደግሞ ሊያጽናናኝ መጣ፣ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ቀና አድርጎ።

«ጋሼ፣ ያጽናዎት። ለተከታዮቼ አንድ ሁለት ቃል ቢሉልኝ?»

«እላለሁ። አውሮፕላን በምንድን ነው የሚነሳው፣ ሎክ ራጅ?»

«በ… በሞተር ነዋ ጋሼ!»

«ውጭ የቆመው ሪክሾም ሞተር አለው። ለምንድን ነው የማይነሳው?»

አንገቱን አሰግጎ ሪክሾውን አየ። «አሁንም ዜሮ ነህ» አልኩትና ወደ በሩ አመለከትኩት። ያንን ክፍል ግን በቪዲዮው ላይ ለተከታዮቹ አላሳየም።

ይህ ሁሉ እኔን አልጎዳኝም። ንቀት ደህና ብርድ ልብስ ነው፣ ተከናንቤው ሰነበትኩ። የጎዳኝ ከጎረቤት የመጣው ነው፤ እሱ ያረፈው እናትሽ ላይ ነውና።

የዚያን ቀን ጠዋት ከደጅ ስትወጪ እናትሽ ከኋላሽ ጠርታሻለች። የሎሚ አቻሩን፣ ያን የኮመጠጠ ማባያ፣ ከነብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ረስተሽው ነበር። «ሚሪዱ! ኧረ ሚሪዱ!» ያለችውን የጥግ ቤቷ ሜኑካ ከአጥሯ ሆና ሰማች። መንገድ የወጣን ሰው ከኋላ መጥራት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ መንገዱን መስበር ነው። ቢረሳ እንኳ ዕቃውን ይዞ ሮጦ ቀድሞ ከፊት መስጠት እንጂ መጥራት የለም። ሜኑካ የሰማችውን ለቅሶ ላይ እየዞረች ለሁሉም አደለች። «እኔ እንኳ ምንም አላልኩ፣ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ትላለች፣ ምንም አላልኩ እያለች ደግማ ትናገራለች። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ብዬ ነበር፤ ይኸኛው ግን እናትሽ ላይ ተጫነ።

እናትሽ እህል ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ውሃ ብቻ ነው የምትቀምሰው። ሐኪም አመጣሁ፣ «ካልበላች አትቆይም» አለኝ። ሩዝ ፈጭቼ በወተት ይዤላት ገባሁ። «ልጄን እኔ ገደልኳት፣ ምን አፍ አለኝና እበላለሁ?» አለችኝ። አየር፣ ክንፍ፣ ሞተር እያልኩ አስረዳኋት፤ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር የቀረኝ። የተማረ ባል ምን ያደርጋል፣ ልጄ? አንዲት ጉርሻ እንኳ አላስዋጥኳትም።

ዛሬ ግቢው ሞልቶ ሰው ሲበላ ሜኑካ ሳህኗን ይዛ እንደገና ጀመረች። «መቼም ዕጣ ፈንታ ነው። ግን ሰው ከኋላ ባይጠራ ጥሩ ነበር፣ አይደል እንዴ?» ራሶች ተነቃነቁ። የእናትሽ ክፍል መስኮት ከጀርባዋ ክፍት ነበር፣ ሜኑካም አላጣችውም።

ተነሳሁ። «ሜኑካ፣ የሰማሽው ድምፅ የእኔ ነው። የጠራኋት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! የሴት ድምፅ ነበር እኮ!»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሚፈርድበት ሰው ሲሰጡት እንዴት ደስ ይለዋል! አንዱ ሽማግሌ «ከመምህር እንኳ አንጠብቅም ነበር» ሲል ሰማሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለለኝ። የእነሱ ንቀት ለእኔ ምንም አይደለም፤ ከእናትሽ ወርዶ እኔ ትከሻ ላይ ይቆይ ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ እናትሽ በሩን ይዛ ወጣች። ልትደግፋት የተነሳችውን ሴት በእጇ መለሰቻት።

«ውሸታም!» አለችኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «አንተ ሰውዬ፣ አንተ መቼ ጠራሃት? እኔ ነኝ የጠራኋት! ስሟን ስጠራ ዞረች። እየሳቀች ተመልሳ መጣች። ‹እማ፣ ከኋላ አይጠራም እኮ፣ ሜኑካ እንዳትሰማሽ› አለችኝ። ብልቃጡን ተቀብላኝ ጉንጬን ሳመችው። ይኸው እዚህ ጋ! ይሄን ደግሞ ልትወስድብኝ ነው?»

ሜኑካ ሳህኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ «እኔ እንኳ ለክፉ ብዬ አይደለም፣ እትዬ…» አለች።

«ልጅሽ ሲወጣ ዝም በይው» አለቻት እናትሽ። «ጀርባውን እያየሽ ዝም በይ። እኔ ጠርቼ ፊቷን አይቻለሁ።»

ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ ሩዝ ስሰጣት ተቀበለችኝ። እያለቀሰች በላች። ሰዉ አንድ በአንድ ተነስቶ ሄደ፣ ሜኑካ ከሁሉ ቀድማ።

እኔን ግን የዋሸሁት ውሸት አልለቀቀኝም። ያን ጠዋት መስኮቱ ላይ የደረስኩት ብልቃጡን ተቀብለሽ ከወጣሽ በኋላ ነው፣ ልጄ። ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ ስትሄጂ ልጠራሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የምለው ነገርም አልነበረኝም፣ እንዲሁ ልጠራሽ ብቻ። ከኋላ አይጠራም ብዬ ተውኩት። እኔ፣ በድመትና በሕልም የምስቀው ሰውዬ። እናትሽ ፊትሽን አየች፤ እኔ ያለኝ ጀርባሽ ነው።

ያልጠራሽ አባትሽ፣
ዲላራም ኒራውላ