እጅ አጣጥፎ የመቆም ጥፋት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቀኝ እጅዎ ፈርም ሲሉት እንደ ልማዱ እየፈረመ፣ እግርዎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፣ ምላስዎም ሳይኮላተፍ እየተናገረ እንዲሰነብትልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ከአምስት ወር በፊት ሦስቱም ነበሩኝ፤ አንድ ማለዳ ስትሮክ መጥቶ ጠቅልሎ ወሰዳቸው።

ማን እንደሆንኩ ዘንግተውት ይሆናል። በተሃድሶ ዋርድ ከመስኮቱ ሥር የተኛሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቁልፍ ስሰፋ ኖሬ የራሴን ሸሚዝ መቆለፍ ያቃተኝ ሰውዬ ብልዎት ይበልጥ ያስታውሱኝ ይሆናል፤ እንግዶችዎን አስከትለው ዋርዳችንን የጎበኙ ዕለት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስታገል አይተውኛልና። ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ። በዚያች የአራት ደቂቃ ቆይታዎ የሦስት ወር ልፋታችንን ስላፈረሱልን ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ለአሠራር እንዲመችዎ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በዚያን ዕለት ከፊቴ የቆመችው ነርስ እኛ ሕመምተኞች «ሲስተር ቆይ» የምንላት ናት። ስሙን ያወጣንላት፣ አንድ ሰው ሊያግዘን እጁን በዘረጋ ቁጥር «ቆይ!» ስለምትል ነው። እርስዎ የጻፉባትን ማስጠንቀቂያ ለመማሪያ ይሆን ዘንድ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላስለጠፉት፣ እኛም በዊልቸራችን ተራ በተራ እየሄድን አንብበነዋል። «ሕመምተኛው ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት ሲቸገር እያየች እጇን አጣጥፋ ቆማ ተገኝታለች» ይላል። እውነት ነው፤ አንድ ቃል አልተሳሳቱም። እጇን አጣጥፋ ነበር። ለምን እንዳጣጠፈችው ግን አልጠየቋትም፤ ለነገሩ ሥራ አስኪያጅ ሁሉን እየጠየቀ መቼ ሥራ ይሠራል! እኔ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንቺ ሴትዮ ደመወዝ የሚከፈልሽ ቆመሽ እኔን ለማየት ነው ወይ ብዬ በተኮላተፈ ምላሴ ጮኼባት ስለነበር መልሱን አውቀዋለሁ። እጄ ስለሚቸኩል አስሬው ነው አባባ፣ እኔ ከቆለፍኩልዎት የሚለምደው የእኔ እጅ ነው፣ ነበር ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ስሳደብም ስለምናትም ንቅንቅ አላለችም። በሦስተኛው ወር ሦስት ቁልፍ ደረስኩ።

2. ሲስተር ቆይን ወደ ካርድ ክፍል ስላዛወሩልን እጅ እነሳለሁ። እዚያ እጇን አጣጥፋ እንደማትገኝ እርግጠኛ ነኝ፤ ሰልፉን አይቼዋለሁ። በምትኳ ስለላኩልን ሁለት ረዳቶች ቅልጥፍናስ ምን ልበል! ደጎች ናቸው፣ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት፣ በእነሱ ላይ ቂም የለኝም። ሸሚዜን በአንድ ደቂቃ ያለብሱኛል፣ ካልሲዬን ሳልነቃ ያጠልቁልኛል፣ ሻዬን ሳይቀር አፌ ውስጥ ያንቆረቁሩልኛል፤ ማንኪያ ላነሳ ስል አይድከሙ አባታችን ይሉኛል። እኔም አልደከምኩም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀኝ እጄ ሦስቱንም ቁልፍ እስኪረሳ ድረስ አረፈ።

3. እንደሚያውቁት (ባያውቁም እንዳወቁ ልቁጠረውና) ከዚህ ዋርድ ወደ ቤት ለመሄድ ፈተና አለ፦ ብቻን መልበስ፣ ብቻን መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ፣ ስድስት ደረጃ መውጣት። ያለፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የወደቀ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወዳለው የቋሚ ሕሙማን ክፍል ይዛወራል፤ ከዚያ ክፍል በእግሩ ሲወጣ ያየሁት ሰው የለም። በሲስተር ቆይ ጊዜ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የቤቴ በር ነበር፤ እርስዎ ካቀላጠፉን ወዲህ የሚታየኝ የዚያ ክፍል በር ሆነ። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ። ይህን ለመናገር አላፍርም።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ ንዴቴ በተራ አልሰለፍ ብሎኛል።

ያደረግሁትን ልንገርዎትና ከፈለጉ ለእኔም ማስጠንቀቂያ ይጻፉልኝ። ባለቤቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልትጠይቀኝ ስትመጣ በዊልቸር ወደ መታጠቢያ ክፍሉ እንገባና በሩን ከውስጥ እንቀረቅራለን። በዕድሜዬ ከማንም ተደብቄ የማላውቅ ሰው በስተርጅና ከእርዳታ መደበቅ ጀመርኩ! ግድግዳውን ተደግፌ እግሬን አለማምዳለሁ፤ ከዚያ ሸሚዜን አወልቅና እንደገና እለብሳለሁ። እሷ እጇን አጣጥፋ ከፊቴ ትቆማለች፤ እኔ ቁልፉን አሳድዳለሁ፤ እሷ ታለቅሳለች። እንባዋን ለመጥረግ እንኳ እጇን አትፈታም፤ ከፈታችው ወደ ሸሚዜ እንደሚሄድ ታውቀዋለቻ። ረዳቶቹ በሩን እያንኳኩ እናግዛችሁ ሲሉ «ቆዩ!» ብላ ትጮህባቸዋለች። ወር ለሚያህል ጊዜ እንዲህ ስንሠራ ከረምን።

ከትናንት በስቲያ ተፈተንኩ። መጸዳጃ ቤቱንና ስድስቱን ደረጃ ግድግዳና መደገፊያ ይዤ ተወጣሁት። ሸሚዙ ደግሞ ስድስት ቁልፍ፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ። ፈታኟ ሐኪም ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች፤ ግን እግዜር ይስጣት፣ እጇን ኪሷ ከትታ ጠበቀችኝ። አልፌያለሁ፤ ሰኞ ቤቴ እገባለሁ። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ የቅልጥፍናዎ ፍሬ ሆኜ እንደምቀርብ አልጠራጠርም፤ በርቱ።

ታዲያ ካለፍክ ምን አስጮኸህ ይሉኝ ይሆናል። ከጎኔ የተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው ያስጮኸኝ። አፉ ጠመም ብሏል እንጂ ጨዋታው አልጠመመም፤ ጎማዬ ነው የተነፈሰው፣ ሞተሬስ ደህና ነው ይላል። ሲስተር ቆይ ሳለች ቆሞ ሰባት እርምጃ ይሄድ ነበር። አሁን አፉን ከፍቶ ማንኪያውን ይጠብቃል። ጠያቂ የለውም፤ መጥቶ እጁን አጣጥፎ የሚቆምለት አንድ ሰው የለውም። ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ትናንት ሸሚዜን ስቆልፍ ሲያየኝ ቆየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስለዚህ ሲስተር ቆይን ይመልሷት። ዛሬውኑ ይመልሷት። ልመና እንዳይመስልዎት፤ ይህ ሰው ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ክፍል ከገባ፣ ያስገባው ስትሮክ ሳይሆን የእርስዎ ፊርማ መሆኑን እኔም ዋርዱም በየደረስንበት እንናገራለን።

አልጋዬ ሥር ላደረጉት የአራት ደቂቃ ጉብኝት ዕድሜ ልኩን የማይረሳዎት፣ ሸሚዙን በአሥራ ሰባት ደቂቃ በገዛ እጁ የሚቆልፍ፣ ይህንንም ደብዳቤ ከእርስዎ ማስጠንቀቂያ ጎን በራሱ እጅ የለጠፈ፣

ከመስኮቱ ሥር ያለው ልብስ ሰፊ።

ማሳሰቢያ፦ የጎበኙን ዕለት የኮትዎ ሁለተኛ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሰኞ ከመሄዴ በፊት መርፌና ክር ይዤ ቢሮዎ ብቅ እላለሁ። እርስዎ ይሰፋሉ፣ እኔ ከፊትዎ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ። እጅ ለማጣጠፍም ለካ ሁለት የሚታዘዝ እጅ ያስፈልጋል፤ እኔ አሁን አለኝ። አይቸኩሉ።