ድንጋይ ላይ የቀረ ቅጠል

ሶዶ፣ ነሐሴ 1957 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአንጁሎ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆትህን ብቻ አልቻልነውም።

ለማዕድን ትምህርት ከወረድክበት የከሰል ጉድጓድ የላክህልንን ድንጋይ እናታችን ራስጌዋ አስቀምጣዋለች። እዚያ ጥንት ዝናብ የማያባራበት ሞቃት ደን እንደነበረ፣ ዝናቡ ሲሸሽ ደኑ እየተበጣጠሰ እንዳለቀ፣ ረግረጉ ውስጥ የሰመጠው እንጨትም ከሰል እንደሆነ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩላት። እሷ ግን ድንጋዩ ላይ የታተመውን ቅጠል እየዳሰሰች፣ «ምድር ብትውጠውም መልኩን አላጠፋችበትም» ትላለች። ዝናብ ለምዷል ብላ ውሃ ትረጨዋለች። ተይ ብላት መች ትሰማኛለች!

የዳሞታ ተራራም ዛፍ እየሳሳ ነው፤ ጉሙ እንደ ድሮው እስከ ጓሯችን አይወርድም። እንሰቱ ግን ደህና ነው።

ባለሱቁ ከሊል ሬዲዮ አስገብቷል። በሰኔ ስላለህበት አገር፣ ስለተደረመሰ አንድ የከሰል ጉድጓድ ሲያወራ እናታችን ጨው ልትገዛ ገባች፤ ከሊል ቶሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ጨው የምገዛው እኔ ነኝ፤ እሱም ዓይኔን አያየኝም። ከፋሲካ ጀምሮ ደብዳቤህ የጠፋው በፖስታ ቤቱ ጥፋት ነው ብያታለሁ።

እሷ ግን እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፤ «ደብዳቤ ሌላ ሰውም ይጽፍለታል። እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምርልኝ።»

ትንሿ ጣትህ ጠማማ እንደሆነች ታውቃለች። አደራህን፣ አቃንተህ እንዳትስላት።

የትም ብትሆን ጌታ ይጠብቅህ።

እህትህ አባይነሽ