ቤታቸውን ከነፋስ ያዞሩት ወይዘሮ አስካለ ገብረ መድኅን

ወይዘሮ አስካለ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድኅንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ በ1968 ዓ.ም. መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ከፍ ብላ ባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው የታወቁ የድንጋይ ግንበኛ ነበሩና ከትምህርት ቤት መልስ ጭቃ እየረገጡ፣ ድንጋይ እያቀበሉ አደጉ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1989 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ታዲዮስን ወለዱ። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩዋቸው በ1998 ዓ.ም. ለሥራ ቤይሩት መጡ።

ጅዴይዴ በሚባለው ሰፈር፣ በአሠሪያቸው ቤት ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች መስኮት በሌላት ክፍል ለዓመታት ኖሩ። በሙቀቱ ወራት ማዳማቸው ተራራ ላይ ወዳለው የአያቶቿ መንደር ትወስዳቸው ነበር። አንድ ዓመት የድሮው የድንጋይ ቤት ሲጠገን፣ ሲሚንቶ እንዳይነካው ከሠራተኞቹ ጋር ስትሟገት አዩ። «ያኒ፣ እንግዲህ የእነሱ ድንጋይ ቅርስ፣ የእኛ ድንጋይ ድህነት ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸው ሁሉ ቤት ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ወንድማቸው አቶ ውድነህ፣ ዘመናዊ ይሁን ብለው የብሎኬት ቤት አስጀመሩላቸው። በሩንም ለታይታ ወደ አስፋልቱ አዞሩት። ነፋሱ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ወይዘሮ አስካለ በስልክ ቪዲዮ ሲያዩት፣ «ኸላስ፣ በቃ አፍርሰው! አባባ በዚህ በኩል በር ከፍተው ያውቃሉ?» አሉ። ቤይሩት ሄዳ አበደች ተባለ። እርሳቸው ግን ፍንክች አላሉም፤ ግድግዳው ፈረሰ።

አዲሱ ቤት ከጓሮው ኮረብታ በተፈለጠ ድንጋይና በጭቃ ተገነባ። የክዳኑ ሣር፣ ጓሳ፣ የሚታጨድበት ጊዜ እስኪፈቀድ ተጠብቆ በደቦ ተከደነ። ዙሪያውን መደብ ተሠራለት። ቤቱ ጀርባውን ለነፋስ ሰጠ፤ በሩ ወደ ማለዳ ፀሐይ ተከፈተ። ዛሬ ውርጭ ሲበረታ ባለብሎኬቶቹ ጎረቤቶች ሊሞቁ የሚመጡት እዚያ ነው፤ ይህንን ሳንናገር አናልፍም።

ወደ ቤታቸው ሊገቡ ሲሰናዱ የኩላሊት ሕመም ጣላቸው። እዚሁ ቤይሩት ባውሽሪዬ ሰፈር፣ ይህን ጽሑፍ ባዘጋጀችው በእህታቸው ልጅ በእስከዳር ክፍል ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ታዲዮስ፣ ወንድማቸው ውድነህና በቤይሩት ያፈሯቸው እኅቶች ሁሉ ሐዘንተኞች ናቸው።

ወይዘሮ አስካለ ከማረፋቸው በፊት ለወንድማቸው በስልክ የተናገሩት ይህን ነበር፦ «ድንኳን እንዳትተክሉ። ቤት አለኝ።»

አስከሬናቸው ዛሬ ከቤይሩት ሲሸኝ መንዝ ላይ ድንኳን አልተተከለም። ሐዘንተኛው መደባቸው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ዕድሜያቸውን በሰው ቤት የጨረሱት ወይዘሮ አስካለ በገዛ በራቸው ይገባሉ።

አምላክ ነፍሳቸውን ነፋስ በማያገኘው ቤቱ ያሳርፍልን፤ አሜን።