ባሱን የሚነፋ ከንፈር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የኦርኬስትራ ልምምድ ከጠዋት እስከ ምሳ። የአዳራሹ ማሞቂያ ስለተበላሸ ካፖርታችንን እንደለበስን ነፋን። በአውቶቡስ ተመለስኩ፣ የመሣሪያዬን ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ። ቲኬት ቆራጩ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ባሱን ነው አልኩት። ባሱንማ ሾፌሩ ይዞታል አለና ራሱ ሳቀ። ይህን ቀልድ ስንት ሰው ነግሮኛል... ፈገግ አልኩለት። ማለት ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። የታችኛው ከንፈሬ የመንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልኩ ወዲህ እንደ በድን ነው፤ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ሐኪሙ ጊዜ ስጪው ብሎኛል። እየሰጠሁት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

እራት ላይ አማቼ፣ የባሌ አባት፣ በቀጥታ እኔን አናገሩኝ። ያልተለመደ ነገር ነው። አብረውን ነው የሚኖሩት፣ ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እያዘጋጁ ነው። ጆሯቸው ደክሟል፤ የወንድ ድምፅ በመጠኑ ይሰማቸዋል፣ የሴት ቀጭን ድምፅ ግን አይሰማቸውም። ስለዚህ እኔ ለባሌ እናገራለሁ፣ ባሌ ለእሳቸው ይጮሃል። ትዳራችን በሙሉ እንዲሁ ነው ያለፈው።

"የምትነፊው ነገር በአማርኛ ምን ይባላል?" አሉኝ።

ባሱን ብሎ ጮኸላቸው ባሌ። እሱማ እንግሊዝኛው ነው አሉ፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሰው ባሱን ጠብቆ አመለጠው የተባለ ይመስላል። የድሮው መዝገበ ቃላት "የሙዚቃ መሣሪያ ዓይነት" ብሎ አልፎታል። በዚህ ተናደዋል። ቁንጫም እኮ የእንስሳ ዓይነት ናት አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ክፍላቸው ጠሩኝ። ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ለካ ባሌ ሳይኖርም መነጋገር ይቻል ነበር... እንዴት እስከ ዛሬ አልታሰበንም?

እንግሊዞቹ በቃሉ እንዴት እንደሚጠቀሙ ሲያጠኑ ሰንብተዋል። መሣሪያውን ሲሉ ያው መሣሪያው ነው። ሰውን ባሱን ሲሉ ግን ሁልጊዜ ወፍራም ድምፅ ያለው ሽማግሌ ነው፤ የሚያንኮራፋ፣ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ከሆዱ የሚስቅ። እንቁራሪትንም ይሉበታል። ቁም ነገር የሚናገር ሰው ድምፁ ባሱን ነው ሲባል እስካሁን አላገኙም። ደግሞ አጨራረሱ አለ አሉ። ባሉን ፊኛ ነው፣ ባቡን ዝንጀሮ፣ ባፉን ቂላቂል። እንግሊዝ ጆሮው "ኡን" ሲሰማ ሊስቅ ይዘጋጃል።

"ገጹን ገልጬ ባየው፣ ዝንጀሮው ካንቺ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው።"

"ከዝንጀሮ ጋር ሊያጎራብቱኝ ነው?" ብዬ ጻፍኩ። አነበቡና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲስቁ ድምፃቸው... እውነትም ባሱን ነው። ይህን አልጻፍኩላቸውም። ጣልያኖቹ የታሰረ የማገዶ እንጨት እንደሚሉት ጻፍኩላቸው። እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ይነድዳል አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

በወሩ መጨረሻ የምናቀርበው ሥራ መጀመሪያው ላይ ባሱን ብቻውን ነው። ከላይ ይነሣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ላይኛው ኖታ ላይ ከንፈር መንፊያዋን ሸንበቆ ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት። የእኔ አልያዘም። አየር ፉሽ አለ። መሪያችን እጇን አውርዳ ጠበቀችኝ። እንደገና። አሁንም ፉሽ። አጠገቤ ሁለተኛውን ባሱን የሚነፋው ባልደረባዬ (ቀጭኑ እንለዋለን፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት፣ የሁለት ልጆች አባት ነው) መሐረብ አቀበለኝ። ለካ ምራቄ አገጬ ላይ ወርዷል። አልተሰማኝም።

ነገ እናየዋለን አለች መሪያችን። ማንም አላየኝም። ሁሉም ኖታው ላይ አቀርቅሯል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ሐኪሙ ከንፈሬን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ይሰማሻል ወይ ይለኛል። የለም። እዚህስ? የለም። ነርቩ ተነክቷል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ሥራሽ ምንድነው አለኝ። ስነግረው ኮምፒውተሩን ትንሽ አየ።

ለባሌ አልነገርኩም። ለምን? እንጃ። ደህና ነው ወይ ሲለኝ ደህና ነው አልኩ፤ ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

አማቼ ኮንሰርቱን ለማየት እመጣለሁ አሉ። አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። ለደንቆሮ ትኬት ማባከን ነው ይሉ ነበር። አሁን ግን "ሳልሰማው አልጽፈውም" ብለዋል፤ ባይሰማኝ እንኳ ስትነፊው አያለሁ አሉ።

እሺ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ይጻፋል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የመሪያችን ክፍል ገብቼ ነገርኳት። ቁጭ በይ እንኳ ሳትለኝ ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

"እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ትንሽ ብትቆዪ እኔው እነግርሽ ነበር።"

ቀጭኑ ይንፋው አልኳት። ለእሱም ራሴ ነገርኩት፣ ኮሪደሩ ላይ። እትዬ፣ ያንቺን ወንበር አልፈልግም አለ። አንተ ካልፈለግከው ሌላ ሰው ያመጣሉ አልኩት፤ የማላውቀው ሰው ከሚቀመጥበት አንተ ትሻለኛለህ። ዓይኑ ቀላ። የእኔ አልቀላም። ሸንበቆዎቼን እንኳ እየመረጥኩ ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ለባሌ ጠዋት ነገርኩት፣ ሲላጭ። ምላጩን ይዞ ቆመ። ለምን እስከ ዛሬ አለኝ። አሁን ነገርኩህ አልኩት። መልስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ መጥቶ አቀፈኝ፤ ቀሚሴ ላይ ነጭ ቀረ።

ለአማቼ ግን ማንም አልነገራቸውም። አዳራሹ ውስጥ አጠገባቸው ስቀመጥ መድረኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ማነው ታዲያ የሚነፋልሽ?"

ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸዋል፤ ሦስት ረድፍ ዞሮ አየን። ፕሮግራሙ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ ከንፈሬ ደንዝዟል። ሌላ ሰው ነው። አነበቡ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ቀጭኑ ጀመረ። ላይኛውን አሳመረው። ከእኔ ይሻላል? አይሻልም... አሳመረው ግን። አማቼ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ከዚያ ዜማው መውረድ ጀመረ። ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀና አሉ። ክንዴን ያዙኝ።

"ይሄ ነው?"

ራሴን ነቀነቅሁ። እስኪያልቅ ክንዴን አልለቀቁም። በኋላ ታክሲ ውስጥ፣ ቫዮሊኖቹ ምን እንደሚሠሩ አልገባኝም አሉ። ዝም ብለው ክንዳቸውን ሲያወዛውዙ ነው ያመሹት።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ትርጉሙን ጽፈው አሳዩኝ። "ከእንጨት የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ፤ በጥንድ የሸንበቆ ልጣጭ የሚነፋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፤ ጆሮ የደከመም ይሰማዋል።" የመጨረሻው መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገባም ብዬ ጻፍኩ። አውቃለሁ፣ ይሰረዛል አሉ። እርሳሱን ግን አላነሡም።

ከዚያ ዝቅ ዝቅ ያሉትን ኖታዎች ማን ነው የሚነፋቸው አሉኝ። ሁለተኛው ባሱን ነው፣ ብዬ ጻፍኩ። እሱም ከንፈር ማጥበቅ ይፈልጋል? አይ፣ ለቀቅ ማድረግ ነው የሚፈልገው። ወረቀቱን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ሐሳባቸው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። የሁለተኛውን ወንበር ነገር ያላሰብኩት አልነበረም፤ አስቤ ነው የተውኩት። ባስተማርኩት ልጅ እግር ሥር መቀመጥ... ይህንንም ጻፍኩት፣ እጄ ሳይታዘዘኝ። ተናድጄ ነበር መሰለኝ፤ እርሳሱ ወረቀቱን ቀደደው።

"እኔ ርዕሰ መምህር ነበርኩ" አሉ። "አወረዱኝ። በመምህርነት ጨረስኩ። መጀመሪያ ሰሞን ከሰው ጋር ምሳ መብላት አቅቶኝ ነበር። በኋላ ራበኝ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

መሪያችንን ሁለተኛውን ባሱን ልንፋ ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ልምምድ እንሞክር አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀጭኑ እኔ እስክቀመጥ ቆሞ ጠበቀኝ። ተቀመጥ፣ ሰው ያየናል አልኩት። ከአዲሱ ወንበሬ መሪያችን በግማሽ ነው የምትታየኝ፤ አንዱ ትከሻዋ በቀጭኑ ጭንቅላት ተሸፍኗል። ከንፈሬ የት እንዳለ እንዳውቅ ትንሽ መስታወት የኖታ ማስቀመጫው ላይ አደረግሁ። ከኋላ ያሉት ሊፒስቲክ የምቀባ መስሏቸው ተሳሳቁ። ይሳቁ።

እሱ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ከታች ልቆይለት ነው። መስታወቱን አየሁ፣ አገጬን ለቀቅ አደረግሁ፣ የመጨረሻዋን ዝቅተኛ ኖታ ነፋሁ። ወለሉ ተንቀጥቅጦ በጫማዬ በኩል መለሰልኝ። ቀጭኑ ዞር ሳይል ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለና ድምፁን በእኔ ላይ አስተካከለ።

ከንፈሬ አልተሰማኝም። እኔ ግን ተሰማሁ።