መጨረሻው የጠፋ መጽሐፍ

ለውድ እህቴ ለሣራ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የኩዌት ሙቀት ትንሽ በረድ አለ ወይ? እሁድ እሁድ ማረፍ መጀመርሽን ጓደኛሽ ትሕትና ነግራን ተመስገን ብለናል። እኛ ደህና ነን። እማዬ ኦቶና ሆስፒታል የሰጧት የደም ግፊት መድኃኒት ተስማምቷታል፤ ዝናቡም ዘንድሮ አላሳፈረንም። የአንቺ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ልጅሽ ከጓሮ ሆናም የምናወራውን ስለምትሰማ ነው። ትሕትና ወደዚያ ስትመለስ በእጅሽ ትስጥሽ ብዬ ጻፍኩት። ባለፈው ስትደውዪ ልጄ ረሳችኝ ብለሽ አለቀስሽ። አልረሳችሽም፣ እህት ዓለም። ስልኩ ሲጮኽ ብሩክታይት እየሮጠች እንሰቱ ውስጥ የምትደበቀው ለምን እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ።

ነገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ከመጽሐፍ አይለይም። ንባብ ከእኔ አልወረሰችም፤ እኔ የማነበው የመብራት ቆጣሪ ነው። አንድ ቀን ዋናዋ ባለታሪክ ሴት የሆነችበት ጥሩ መጽሐፍ ፈልግልኝ አለችኝ። ይሄ ምን ይከብዳል ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ይስሐቅ ዘንድ ወሰድኳት። እሷ ግን እያንዳንዱን አንስታ የመጨረሻውን ገጽ ታነብና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይስሐቅ መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ የምትፈልገው ሲገባው እሱም ቁጭ ብሎ መጨረሻ መጨረሻውን ያገላብጥ ጀመር። ቀና ብሎም፣ ሚልክያስ፣ እነዚህን ሴቶች ሁሉ ምን ፈጃቸው አለኝ። አንዷ በወሊድ፣ አንዷ በፍቅር ትሞታለች። ዓረብ አገር የሄደችዋማ ጨርሶ አትተርፍም።

ቤት ስንመለስ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። ባነበበቻቸው መጻሕፍት ውስጥ ሰው አገር ያለችው እናት ለልጇ ትደውላለች፤ ይሳሳቃሉ፣ ይመራረቃሉ፣ ደህና ሁኚ ይባባላሉ። ከዚያ እናትየዋ ትሞታለች። ልጅሽ ካንቺ ጋር ደስ የሚል ወሬ አውርታ መሰናበት ፈርታ ነው። የምትደበቀው በሕይወት እንድትቆዪላት ብላ ነው። ይህን ስትነግረኝ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋው የእኔ ሆነ። መምህራኗን ጠየቅሁ፣ ለሥራ ወደ በዴሳ ከተማ ስወርድም አፈላለግሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን መደርደሪያም ፈተሽኩ፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቅዱሳን ስለሆኑ ብሩክታይት ታዛጋባቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ይስሐቅ አስጠራን። ከክምሩ ሥር ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አግኝቷል። ወፍጮ ቤት ስላላት አንዲት መበለት ነው፤ ከሰው ትጣላለች፣ ትሳሳታለች፣ ትስቃለች። ብሩክታይት እንደ ልማዷ መጨረሻውን ገለጠች። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለው ጠፍተዋል። በቀረው ገጽ ላይ ሴትዮዋ ወፍጮዋ ተበላሽቶ ጠጋኙን ቁም ስቅሉን እያሳየችው ነው። ልጅሽ እዚያው ቆማ ሳቀች። ይስሐቅ ሙሉውን ላፈላልግልሽ ቢላት፣ አይ፣ ተወው፣ እንዲህ ይሻላል፣ በሕይወት አለች አለችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ አንብባዋለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ። እሁድ ስትደውዪ ምክር አታብዢባት። የዋልሽበትን ንገሪያት፤ ምን እንዳበሰልሽ፣ ማን እንዳናደደሽ፣ ምን እንዳሳቀሽ። ወሬው ሲጥም ደግሞ ሳትጨርሺው በር ተንኳኳ ብለሽ ስልኩን ዝጊው። ደህና ሁኚ አትበያት። የቀረውን ለመስማት የሚቀጥለውን እሁድ ትጠብቃለች፤ አንቺም አለሽ ማለት ነው።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ትሕትና የያዘችውን የበርበሬ ዳጣ ያዘጋጀችው እሷ ናት። ባለቤቴ ዓመለወርቅ ወገብሽን እንዳትረሺው ትላለች። ትንሹ ልጄ ቤኒ ኳስ ላኪልኝ ብሏል፤ እንዳልሰማሽ ሁኚ። ጎረቤታችን ጋሽ ሻንቆ በጸሎት ያስቡሻል። ብሩክታይትንም ስጽፍ አይታኝ ስለነበር፣ ሰላም ብላሻለች ልበላት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አትበላት፣ እሁድ እኔው ራሴ እላታለሁ አለችኝ።

ወንድምሽ ሚልክያስ
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.